የክትባት ጉዳት ካሳ በአሜሪካ፦ የቪአይሲፒ አገልግሎት ግምገማ

ነጥቡን ከመጀመሪያው እንስጥ። የአሜሪካ ብሔራዊ የክትባት ጉዳት ካሳ ፕሮግራም፣ በአጭሩ ቪአይሲፒ፣ ከክትባት በኋላ ትከሻው ለተጎዳ ወይም ከኢንፍሉዌንዛ ክትባት በኋላ ጊያን ባሬ የሚባለው የነርቭ በሽታ ለያዘው ሰው ከአምስት አራት የሚያገኝ አገልግሎት ነው። ጉዳቱ በፕሮግራሙ ሠንጠረዥ፣ ማለትም ባስቀመጠው የጉዳቶች ዝርዝር፣ ውስጥ ለሌለ ሰው ሁለት ተኩል እንሰጠዋለን። የኮቪድ ክትባት ለወሰደ ሰው ይህ በር ዝግ ነው፤ የሚላክበት ሌላው መስኮት ደግሞ ከአንድ በላይ አይገባውም። ጉዳዩን የሚወስነው ብዙ ጊዜ የሕመሙ ክብደት አይደለም። ሕመሙ መቼ እንደጀመረ በሕክምና ካርዱ ላይ ማን፣ በየትኛው ቀን፣ ምን ብሎ እንደጻፈ ነው።

ፕሮግራሙ በ1986 በወጣ ሕግ ተቋቁሞ በኦክቶበር 1988 ሥራ ጀመረ። በትክትክ ክትባት ላይ የሚቀርበው ክስ በመብዛቱ አምራቾች ገበያውን እየለቀቁ ስለነበር፣ ኮንግረስ ክሱን ከመደበኛ ፍርድ ቤት አውጥቶ ወደ ካሳ ፈንድ አዞረው። ስለዚህ የሚጠየቀው ከ1,000 ዶላር ከበለጠ፣ አምራቹንም ሆነ መርፌውን የወጋውን ባለሙያ በቀጥታ መክሰስ አይቻልም፤ መጀመሪያ በዚህ ማለፍ ግድ ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው መንገድም ሰፊ አይደለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2011 በብሩስዊትዝ መዝገብ በሰጠው ውሳኔ «ክትባቱ ሲቀመር ጀምሮ ጉድለት ነበረበት» የሚለውን ክስ ዘግቶታል። በምላሹ አመልካቹ አንድ ትልቅ ነገር ያገኛል፤ የማንንም ጥፋት ማስረዳት አይጠበቅበትም። ነርሷ ተሳስታለች፣ ፋብሪካው ቸል ብሏል ማለት አያስፈልግም። የሚያስረዳው ክትባቱ ጉዳቱን ማድረሱን ብቻ ነው።

ሥራው በሦስት ወገን የተከፈለ ነው። የጤናና ሰብዓዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ሐኪሞች ማህደሩን ይመረምራሉ። የፍትሕ መሥሪያ ቤት ጠበቆች መንግሥትን ወክለው በተጠሪነት ይቀርባሉ። የሚወስኑት ደግሞ ዋሽንግተን ባለው የፌዴራል ክሌምስ ፍርድ ቤት ሥር ያሉ ስምንት ስፔሻል ማስተሮች ናቸው። ገንዘቡ የሚመጣው ከእያንዳንዱ ክትባት ላይ ከሚቆረጥ ኤክሳይዝ ታክስ ነው፤ ክትባቱ ለሚከላከለው ለእያንዳንዱ በሽታ 75 ሳንቲም። ኢንፍሉዌንዛ አንድ በሽታ ስለሆነ 75 ሳንቲም፣ ኩፍኝ፣ ጆሮ ደግፍና ሩቤላን አንድ ላይ የያዘው 2 ዶላር ከ25።

በመጀመሪያ መታየት ያለበት ክትባቱ የተሸፈነ መሆኑ ነው፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ጊዜ ያጠፋል። ለልጆች በመደበኛነት የሚሰጡት አብዛኞቹ አሉበት፦ ዘጊ አናዳ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ ትክትክ፣ ኩፍኝ፣ ጆሮ ደግፍ፣ ሩቤላ፣ ፖሊዮ፣ ሄፓታይተስ ኤ እና ቢ፣ ጉድፍ፣ ሮታ ቫይረስ፣ ማጅራት ገትር፣ ኤችፒቪ፣ የወቅቱ ኢንፍሉዌንዛ። ተከታቢው አዋቂ ቢሆንም ችግር የለውም፤ የዕድሜ ገደብ የለም። ዛሬ ከአመልካቾቹ ብዙዎቹ የኢንፍሉዌንዛ መርፌ የተወጉ አዋቂዎች ናቸው። የአልማዝ ባለጭራ ክትባት ግን የለበትም። ወደ አፍሪካ የሚጓዝ ሰው የሚወስዳቸው የቢጫ ወባና የታይፎይድ ክትባቶችም የሉበትም፤ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያም እንዲሁ። የሳንባ ምች ክትባት ለሁለት ይከፈላል፤ ኮንጁጌት የሚባለው ተሸፍኗል፣ ፖሊሳካራይድ የሚባለው አልተሸፈነም። ስለዚህ «የሳንባ ምች መርፌ ወስጃለሁ» ብሎ ጠበቃ ጋ መሄድ አይበቃም፤ የምርቱን ስም የያዘ ወረቀት ያስፈልጋል። በአንድ ቀን ሁለት ክትባት፣ አንዱ የተሸፈነ ሌላው ያልተሸፈነ፣ በአንድ ክንድ ላይ ከተወጋ ደግሞ ክርክሩ ወዲያው ይወሳሰባል።

ክትባቱ የተሰጠው በአሜሪካ ምድር መሆን አለበት፤ ለወታደሮች፣ ለመንግሥት ሠራተኞችና ለቤተሰቦቻቸው የተለየ ነው። ዜግነት አይጠየቅም። ይህን የማያውቁና በመኖሪያ ፈቃዳቸው ምክንያት ዝም ብለው የሚቀሩ ሰዎች አሉ፤ ዝምታቸው አያስፈልግም ነበር።

ቀጥሎ ይርጋው፣ ማለትም አቤቱታ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ። ለጉዳት ሦስት ዓመት ነው፤ የሚቆጠረውም ከመጀመሪያው ምልክት ቀን ጀምሮ ነው። ሐኪሙ የሕመሙን ስም ካወጣበት ቀን አይደለም፣ በሽተኛው ከክትባቱ ጋር ካያያዘበት ቀንም አይደለም። በጥር እግሩ መደንዘዝ የጀመረ፣ በምርመራ ሲዞር ቆይቶ በኅዳር የበሽታው ስም የተነገረው ሰው፣ ሰዓቱ የሮጠው ከጥር ጀምሮ ነው። ለሞት ሁለት ገደቦች አብረው ይሠራሉ፦ ከሞተበት ቀን ሁለት ዓመት፣ እንዲሁም ከመጀመሪያው ምልክት አራት ዓመት። አንዱ ካለፈ አለፈ። የይርጋው ጊዜ በልዩ ምክንያት እንዲታገድ መጠየቅ ይቻላል፣ ነገር ግን የሚፈቀደው እምብዛም ነው። የሚቆጠረውም አቤቱታው መዝገብ ቤት የገባበት ቀን ስለሆነ፣ በመጨረሻው ሳምንት በፖስታ መላክ ቁማር ነው። ጊዜው ከተጣበበ ሁሉም ማስረጃ ባይሟላም አቤቱታውን አስገብቶ ማስረጃውን በኋላ ማያያዝ የተለመደ አሠራር ነው።

አንድ ሌላ ግራ መጋባት እዚህ ጋ ይነሳል። ቬርስ የሚባለው የክትባት የጎንዮሽ ጉዳት መመዝገቢያ ከካሳው ጋር ግንኙነት የለውም። እዚያ ሪፖርት ማድረግ አቤቱታ ማቅረብ አይደለም፣ ይርጋውንም አያቆምም። ሐኪማቸው ቬርስ ላይ ስላስመዘገበ ጉዳያቸው የተያዘ መስሏቸው ሦስቱ ዓመት የሚያልፍባቸው ሰዎች ያጋጥማሉ።

ሦስተኛው ማጣሪያ የክብደቱ ነው። የጉዳቱ ውጤት ከስድስት ወር በላይ መቆየት አለበት፤ ካልሆነ ጉዳቱ ሆስፒታል አስተኝቶ ቀዶ ጥገና ያስደረገ፣ ወይም ለሞት ያበቃ መሆን አለበት። ማስተኛትና ቀዶ ጥገና ሁለቱም ይፈለጋሉ፤ አንዱ ብቻ አይበቃም። ስድስት ወሩ በወሬ አይቆጠርም። በአራተኛው ወር «በጣም ተሽሎኛል» ተብሎ የፊዚዮቴራፒው ካርድ ተዘግቶ፣ ከዚያ በኋላ አንድም ቀጠሮ ከሌለ፣ ተጠሪው የሚጠቅሰው ያንን የመጨረሻ ገጽ ነው። ሕመሙ ካለ በሰባተኛው ወር ሐኪም ዘንድ ቀርቦ ማስጻፍ ለጤናም ለጉዳዩም ይበጃል።

አሁን ወደ ሠንጠረዡ። ፕሮግራሙ የክትባት፣ የጉዳትና የጊዜ ዝርዝር አለው። የአመልካቹ ጉዳት ከተጻፈው መስፈርትም ከተጻፈው የጊዜ ወሰንም ጋር ከገጠመ ክትባቱ እንዳደረሰው ሕጉ ይገምታል፤ «ሌላ ነገር ነው ያደረሰው» ብሎ የማስረዳት ሸክም ወደ መንግሥት ይዞራል። አናፊላክሲስ የሚባለው ከባድ አለርጂ በ4 ሰዓት ውስጥ፤ ከወቅቱ ኢንፍሉዌንዛ ክትባት በኋላ ጊያን ባሬ ከ3 እስከ 42 ቀን፤ ከሮታ ቫይረስ ክትባት በኋላ አንጀት በአንጀት ውስጥ መግባት ከ1 እስከ 21 ቀን፤ ከኩፍኝ ክትባት በኋላ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የፕላትሌት መውረድ ከ7 እስከ 30 ቀን፤ ተወግቶ ራስን ስቶ መውደቅ በ1 ሰዓት ውስጥ። በ43ኛው ቀን የጀመረ ጊያን ባሬ ከሠንጠረዡ ውጭ ነው። ጨካኝ ይመስላል፣ ግን ወሰኑ የሚጠቅመው ለብዙዎቹ ነው፤ በውስጡ ያለ ሰው የባለሙያ ክርክር ሳያስፈልገው ያልፋል።

በሠንጠረዡ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ የሚሠራው በ2017 የገባው ሲርቫ ነው፤ ከመርፌ አወጋግ የሚመጣ የትከሻ ጉዳት። መርፌው ከትከሻ ጡንቻው መካከል ይልቅ ከፍ ብሎ ሲወጋ፣ ፈሳሹ ከጡንቻው ሥር ወዳለው ከረጢት ወይም ጅማት ይገባና ብግነት ያስነሳል። ጥፋቱ የክትባቱ ሳይሆን የቦታው ነው። መስፈርቱ አራት ነገር ይጠይቃል፦ ከመርፌው በፊት በዚያ ትከሻ ላይ ምልክቱን ሊያስረዳ የሚችል ሕመም አለመኖር፣ ሕመሙ በ48 ሰዓት ውስጥ መጀመር፣ ሕመሙና የክንድ እንቅስቃሴ መቀነሱ በተወጋው ትከሻ ላይ ብቻ መወሰን፣ እንዲሁም ሌላ ምክንያት አለመኖር። ቀላል ይመስላል። የሚበላሸው ሁሉ ግን በወረቀት ነው።

የመጀመሪያው ብልሽት የክንዱ ነው። የፌዴራል ሕጉ የክትባቱን ቀን፣ አምራች፣ የሎት (የምርት ዙር) ቁጥርና የሰጪውን ማንነት መመዝገብ ያስገድዳል፤ ግራ ወይም ቀኝ ክንድ የሚለው በዚያ ዝርዝር ስለሌለ አንዳንዴ ባዶ ይቀራል፣ አንዳንዴ ሲስተሙ ራሱ «ግራ» ብሎ ይሞላዋል። በቀኝ ክንዱ የታመመ ሰው የፋርማሲው ወረቀት ግራ ሲል፣ ክርክሩ የሚድነው በቀጣዮቹ የሐኪም ማስታወሻዎች «በቀኝ ክንዴ ተወግቼ» የሚል ቃል ወጥ ሆኖ ሲገኝ ነው።

ሁለተኛው የ48 ሰዓቱ ነው። በሽተኛው ከሦስት ወር በኋላ ሐኪም ዘንድ ይቀርብና «ከጥቂት ሳምንት ወዲህ» ይላል፣ ወይም ፊዚዮቴራፒስቱ ቅጹ ላይ «ቀስ በቀስ የጀመረ» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ያደርጋል። ስፔሻል ማስተሮች ሕክምና ሲሰጥ የተጻፈን ቃል ከዓመታት በኋላ ከሚቀርብ ቃለ መሐላ ያስበልጣሉ፤ ቃለ መሐላው ክፍተት መሙላት ይችላል፣ የተጻፈን መቃረን ግን ይከብደዋል። ለሐኪሙ መባል ያለበት እውነቱና ትክክለኛው ነው፤ «በዚህ ቀን በዚህ ክንዴ ክትባት ተወጋሁ፣ ያን ዕለት ማታ ሕመሙ ጀመረ፣ እስካሁን ክንዴን ከዚህ በላይ ማንሳት አልችልም።» ከዚያም ጽሑፉን በታካሚ ፖርታሉ ገብቶ ማየት፣ ስህተት ካለ በጊዜው እንዲታረም መጠየቅ።

ሦስተኛው ደግሞ የመሃል ቀጠሮ ነው። በሽተኛው በሁለተኛው ወር ለደም ግፊቱ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ስለ ትከሻው አያነሳም፤ ኮምፒዩተሩ ከቀድሞው ቀጠሮ ቀድቶ «መገጣጠሚያ፦ ጤናማ» ብሎ ያስቀምጣል። ይህ መስመር በተጠሪው መልስ ውስጥ መጠቀሱ አይቀርም። አራተኛ፣ ሕመሙ ወደ አንገትና ወደ ጣቶች እንደሚወርድ መጻፉ። ይህ የአንገት ነርቭ መጎዳትን ስለሚጠቁም ሦስተኛውን መስፈርት ይነካል።

ከሠንጠረዡ ውጭ ያለ ጉዳይ ሌላ ዓለም ነው። እዚህ አመልካቹ ከግማሽ በላይ በሆነ የማስረጃ ክብደት መንስኤውን ራሱ ማስረዳት አለበት። መለኪያው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2005 በአልተን መዝገብ ያስቀመጠው ነው፦ ክትባቱ ይህን ጉዳት ሊያደርስ የሚችልበት የሕክምና ንድፈ ሐሳብ፣ በዚህ ሰው ላይ እንዳደረሰ የሚያሳይ አመክንዮአዊ ቅደም ተከተል፣ እንዲሁም ከንድፈ ሐሳቡ ጋር የሚገጥም የጊዜ ቅርበት። «ከክትባቱ በፊት ጤነኛ ነበርኩ፣ ከክትባቱ በኋላ ታመምኩ» ሦስቱንም አያሟላም። የነርቭ ሐኪም ወይም የሰውነት የበሽታ መከላከያ ሥርዓት ባለሙያ ሪፖርት ያስፈልጋል፤ የመንግሥት ወገንም የራሱን ያቀርባል፤ እየተመላለሱ መልስና የመልስ መልስ ይጽፋሉ። ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ሁለተኛው ነጥብ ነው፤ ያከሙት ሐኪሞች በካርዱ ላይ ክትባቱን አንድም ጊዜ ካላነሱ፣ የተቀጠረ ባለሙያ ብቻውን አያነሳውም።

ስለ ኦቲዝም ለሚጠይቁ፦ ከ5,000 በላይ አቤቱታዎች በአንድነት ታይተው ነበር። በ2009 እና በ2010 በናሙናነት የተመረጡት መዝገቦች ሲወሰኑ መንስኤነቱ አልተረጋገጠም ተብሎ ውድቅ ሆኑ፣ ይግባኝ የተባለባቸውም ጸንተዋል። ዛሬ በዚህ ጉዳይ ካሳ አስገኝላችኋለሁ የሚል ሰው ካጋጠመ መራቅ ነው።

የአገልግሎቱ ምርጥ ክፍል የጠበቃ ክፍያው ነው፤ ለዚህ ብቻ አምስት እንሰጣለን። ጠበቃው ከካሳው መቶኛ መውሰድ በሕግ ክልክል ነው። ክፍያውን የሚወስነው ስፔሻል ማስተሩ ነው፣ የሚከፈለውም ከፕሮግራሙ እንጂ ከአመልካቹ ካሳ ላይ ተቀንሶ አይደለም። አመልካቹ ቢሸነፍ እንኳ አቤቱታው በቅን ልቦናና በምክንያታዊ መሠረት የቀረበ ከሆነ ጠበቃው ሊከፈለው ይችላል። «ከምታገኘው ሲሶውን» የሚል ውል የሚያስፈርም ጠበቃ ይህን ችሎት አያውቀውም ማለት ነው፤ ወይም ያውቀዋል፣ ያ ደግሞ የባሰ ነው። ጠበቃው በዚህ ፍርድ ቤት የተመዘገበ መሆን አለበት፤ ሥራው በአብዛኛው በርቀት ስለሚካሄድ ግን በሌላ ስቴት ቢኖርም ግድ የለም። በዚሁ ችሎት ከዚህ በፊት ስንት መዝገብ እንደያዘ መጠየቅ ነውር የለውም። ያለ ጠበቃ መቅረብም ይፈቀዳል፤ በሠንጠረዡ ላለ ቀላል ጉዳይ ያስኬድ ይሆናል፣ ከሠንጠረዡ ውጭ ላለው ግን አንመክርም፤ የባለሙያ ሪፖርቱ ወጪ ከራስ ኪስ ይጀምራልና።

ለማቅረብ የዳኝነት ክፍያው 405 ዶላር ነው፤ አቅም የሌለው ነፃ እንዲደረግ ማመልከት ይችላል። ከአቤቱታው ጋር የክትባቱ መዝገብ፣ ከክትባቱ በፊት የነበሩ ዓመታት የሕክምና ካርድ (ቢያንስ የሦስት ዓመት ቢሆን ይመረጣል)፣ ከክትባቱ በኋላ ያለው በሙሉ፣ የፊዚዮቴራፒ ማስታወሻዎች፣ የኤምአርአይ ውጤትና ቃለ መሐላ ይያያዛሉ። ለሕፃን ከልደት ጀምሮ ያለው ሁሉ ይፈለጋል። ካርድ ሲጠየቅ «ማጠቃለያ» ሳይሆን «ሙሉ ማህደር» ማለት ያስፈልጋል። ታካሚው ራሱ ሲጠይቅ ተቋሙ በ30 ቀን ውስጥ መስጠት አለበት፤ አንድ ጊዜ 30 ቀን ማራዘም ይችላል። ማህደሩ ከተሟላ በኋላ የጤና መሥሪያ ቤቱ ሐኪሞች ያዩትና የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ መልሱን ያስገባል፤ ወይ ያምናል፣ ወይ ይከራከራል።

የአገልግሎቱ መጥፎ ክፍል ከዚህ ይጀምራል። ሕጉ ለውሳኔ 240 ቀን ያስቀምጣል፤ በተግባር ግን ሁለትና ሦስት ዓመት የተለመደ ነው፣ ከሠንጠረዡ ውጭ ያለው ከዚያም ይረዝማል። የስፔሻል ማስተሮቹ ቁጥር በሕግ ከስምንት እንዳይበልጥ ተወስኖ የቆየ ሲሆን፣ የሚገባው መዝገብ ግን በዓመት ከሺህ በላይ ሆኗል። አብዛኛው ጉዳይ ችሎት ሳይቀመጥ በወረቀት ያልቃል። ከሚከፈለው ካሳ 60 በመቶ ያህሉ የሚገኘው በድርድር ነው፤ በድርድር ሲያልቅ መንግሥት «ክትባቱ ነው ያደረሰው» ብሎ አምኗል ማለት አይደለም። ሁለቱም ወገን የመሸነፍን አደጋ መዝነው ተስማሙ ማለት ነው። የካሳ ተቀባዮቹ ቁጥር ከተሰጠው የክትባት ብዛት ጋር ሲታይ ልኩን ይይዛል፤ ከተሠራጨው አንድ ሚሊዮን ክትባት ካሳ የሚያገኘው አንድ ሰው ገደማ ነው።

ገንዘቡ። ለሕመምና ለሥቃይ የሚከፈለው ጣሪያ 250,000 ዶላር ነው፤ ለሞትም 250,000። ይህ ቁጥር በ1986 ከተጻፈ ወዲህ አልተነካም፤ የዋጋ ንረት አብዛኛውን በልቶታል፣ ለፕሮግራሙ ነጥብ ስንቀንስም አንዱ ምክንያታችን ይኸው ነው። የጠፋ ገቢና ወደፊት የሚያስፈልግ ሕክምና ግን እንዲህ ያለ ጣሪያ የላቸውም፤ ዕድሜ ልክ ነርስ ለሚያስፈልገው ሰው ትልቁ ገንዘብ ከዚያ ነው የሚመጣው። ኢንሹራንስ የከፈለው ወጪ አይጠየቅም፤ ከኪስ የወጣው ብቻ፣ ያውም በደረሰኝ። የትከሻ ጉዳዮች ብዙ ጊዜ ከጣሪያው በብዙ ያንሳሉ። መጠኑን ከፍ የሚያደርጉት ቀዶ ጥገና፣ ተደጋጋሚ የስቴሮይድ መርፌና ረጅም ፊዚዮቴራፒ ናቸው፤ ዝቅ የሚያደርገው ሕክምና ሳይፈለግ ያለፈ ረጅም ጊዜ ነው።

ውሳኔው ካልጣመ በ30 ቀን ውስጥ በዚያው ፍርድ ቤት ዳኛ እንዲታይ ይጠየቃል። ውሳኔዎቹ በኢንተርኔት ለሕዝብ እንደሚወጡም ማወቅ ይገባል፤ የአዋቂ ስም፣ ሕመምና የሕክምና ታሪክ በዚያ ይነበባል። አንድ ዝርዝር ከሕዝብ እንዲደበቅ የሚፈልግ ሰው በ14 ቀን ውስጥ ማመልከት አለበት፤ የሕፃናት ስም በፊደል ብቻ ይገለጻል።

የኮቪድ ክትባት የሚታየው በሌላ ፕሮግራም ነው፤ ሲአይሲፒ ይባላል፣ መነሻውም በ2005 የወጣ የአደጋ ጊዜ ዝግጁነት ሕግ ነው። ጊዜው አንድ ዓመት ብቻ ነው፤ የሚቆጠረውም ከምልክቱ ሳይሆን ከተወጉበት ቀን ነው። የጠበቃ ክፍያ አይሰጥም። ለሕመምና ለሥቃይ አንድ ሳንቲም የለም። የጠፋ ገቢ በዓመት ከ50,000 ዶላር አያልፍም፤ ሌላ ከፋይ ካለ ይህ የመጨረሻው ነው። ዳኛ የለውም፣ ችሎት የለውም፤ የሚወስነው ራሱ መሥሪያ ቤቱ ነው። ከ10,000 በላይ የኮቪድ ጥያቄ ቀርቦለት ካሳ የከፈላቸው ሰዎች መቶ አልሞሉም። ብዙዎቹ የወደቁት ቀኑ ስላለፈባቸው ወይም የሕክምና ካርዳቸውን ስላላስገቡ ነው። ስለዚህ ቅጹን ሲልኩ ከየትኛው ተቋም የትኛው ካርድ እንደሚመጣ ዝርዝር ይዞ መከታተል የአመልካቹ ሥራ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ሲጽፍም ቶሎ መመለስ። ውድቅ ከሆነ በ60 ቀን ውስጥ እንደገና እንዲታይ መጠየቅ ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ የሚኬድበት ፍርድ ቤት የለም።